ብርድ የመታው ሞተር

ሽማግሌ ልኮ ሚስት የሚጠይቅ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ወሬ ይጠብቃል እንጂ ሽማግሌዎቹን ተከትሎ አይሄድም። ወጉ እንዲያ ነው። እኔ ግን ሄጃለሁ፤ መሪ የያዝሁትም እኔው ነበርሁ። ያችን መኪና ከደብረ ማርቆስ ሮብ ገበያ ድረስ ሳያጠፋት የሚያወጣት ሰው ከእኔ በቀር በአገር አልተገኘማ!

ልብስ ሰፊ ነኝ። ማርቆስ ውስጥ የካህናት ካባና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ኮፈኗ አልዘጋ ካለ ቆይቷል፤ በገመድ ነው የማስረው። እሱስ ባልከፋ፤ ዋናው በሽታዋ ሚኒሞ ማጣቷ ነበር። ሚኒሞ የሚሉት መካኒኮች ናቸው፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ ሞተሩ ሳይጠፋ ለራሱ ቀስ እያለ መተንፈሱን ነው። የእኔዋ እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች፣ ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ትጠፋለች። ከጠፋች ደግሞ እስክትቀዘቅዝ መለመን ነው። ስለዚህ ሰው ላወርድ ስቆም እንኳ ቀኝ እግሬ ሥራ ላይ ነው። ቀን ሙሉ የስፌት መኪና ስረግጥ ውዬ፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ እሷን እረግጣለሁ። እግሬ ዕረፍት አያውቅም ነበር።

የምወዳት ልጅ ሮብ ገበያ አስተማሪ ናት። የተማሪዎቿን ዩኒፎርም ልታሠራ መጥታ ነው የተዋወቅነው። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። ገብስና ድንች ያርሳሉ፤ አገሩ የሚያውቃቸው ግን በቅሎ በመግራት ነው። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ቤቱ ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ቀርተዋል። እሷም ገና ከመጀመሪያው ቁርጡን ነግራኛለች፤ አባቷ ከፈቀዱ ታገባኛለች፣ እምቢ ካሉ ጥላቸው አትወጣም። እኔ የምፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷን።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አጎቴ ነበሩ፤ የቅኔ መምህር ስለሆኑ ዘመድም ባዳም የኔታ ይላቸዋል። ሁለተኛው የተከራየሁበት ቤት ባለቤት፣ ጋሼ የምላቸው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የናፍጣ ወፍጮ ሲያስፈጩ የኖሩ በመሆናቸው ሞተር የተባለ ሁሉ የወፍጮ ዘመድ ይመስላቸዋል። ሦስተኛው ቁጥር ለማሟላት የተጨመሩ የጎረቤት አዛውንት ናቸው። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ከአፋቸው የሰማሁት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «መስኮቱን!»

ይህ ቃል የማይገባው የአገሬ ሰው የለም። በመኪና መስኮት የሚገባ ንፋስ ከጥይት ይከፋል ብለን ነው ያደግነው። ሞተሩ ቤንዚኑን በቅጡ ሳያቃጥል ስለሚተፋው ሽታው ውስጥ ገብቶ ዓይናችን ያለቅሳል፣ ጉሮሯችን ይከረክራል። ጣት የምታህል ክፍተት ስፈጥር ከኋላ «መስኮቱን!» ይመጣል። እዘጋለሁ። በጭስ መሞት ያለ ነው፤ በንፋስ መሞት ግን ነውር ነው። አራታችንም ጋቢ ተከናንበን እየሳልን የጮቄን ተራራ ዳገት ተያያዝነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ጭሱ እየባሰ ሄደ።

መንገድ ላይ የኔታ ዘዴ ፈጠሩ።

«እንግዲህ ስማ። አግቢው ከሽማግሌ ጋራ አይመጣም። ስለዚህ አንተ ሹፌር ነህ። አትናገርም፤ ግቢ አትገባም፤ ስለ ጋብቻም የሰማኸው ነገር የለም።»

«እሺ የኔታ።»

«ማነህ ቢሉህስ?»

«ሹፌር ነኝ።»

«ጎበዝ።»

የልጅቷ አባት ደጅ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ወርደው ገቡና እንደ ወጉ ግቢው መሐል ቆሙ። መልስ ሳይሰጣቸው አይቀመጡም። እኔ በሩ ላይ ሆኜ እረግጣለሁ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የመጣንበት ጉዳይ…» ሲሉ እግሬ ትንሽ ይሰንፋል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ያስላል፤ እረግጠዋለሁ፤ ያጓራል። «የመጣንበት ጉዳይ…» ጭስ ማውጫው ቡም ብሎ ተኮሰ። በጎቹ በረቱን ጥሰው ወጡ። የኔታ ማኅሌት የሚያናውጥ ድምፅ አላቸው፤ ጮክ ብለው ከሞተሩ ጋር ተፎካከሩ። ሞተሩ አሸነፈ።

ትንሽ ቆይተው አባቷ ብቻቸውን ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮስታራ ሰው ናቸው። አንገታቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ በቡናማ የአንገት ልብስ ተጠቅልሏል። ታሪኩን ከልጃቸው ሰምቻለሁ፤ ሟች ሚስታቸው የገዛ በጎቻቸውን ፀጉር በእጃቸው ፈትለው ያሠሩላቸው ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አውልቀውት አያውቁም፤ ያርሱበታል፣ ያስቀድሱበታል፣ ይተኙበታል።

«ሹፌር፣ እንደምን ዋልህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ።»

«አጥፋት እንጂ፤ እንግዶቹ መናገር አቃታቸውኮ።»

«ካጠፋኋት አትነሳም።»

«እንግዲያ ተዋት፤ ዝም ብላ ትቁም።»

«ዝም ብላ መቆም አትችልም። እግሬን ካነሳሁ ትጠፋለች።»

ዙሪያዋን ዞረው አዩዋት። የታመመ ከብት እንደሚዳብስ ሰው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«ብርድ መቷታል» አሉ።

«መኪና ብርድ አይመታትም፣ አባባ።»

«ማንን ነው የማይመታው? እዚህ አገር ድንጋይ እንኳ በብርድ ይሰነጠቃል። ታች ማርቆስ ለምዳ የኖረችውን ራቁቷን ሽቅብ አወጣችኋት፤ ይኸው ታስላለች።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ባለቤቷ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

ፎቶዬ ልጃቸው ስልክ ውስጥ እንዳለ፣ እሳቸውም ደጋግመው እንዳዩት አውቃለሁ። ፊታቸው ላይ ግን የሳቅ ምልክት የለም።

«ደህና ሰው ነው ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው።»

«ሠርቶ አዳሪ ነው?»

«ሠርቶ አዳሪ ነው። ልብስ ሰፊ ነው።»

«ትዳር ይችላል?»

«የሚችል ይመስለኛል።»

«ለመኪናዋ ግን አልሆናትም» ብለው ተመለሱ።

ፍርዱን የሰማሁት ከየኔታ ነው። አባቷ እምቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም። «በቅሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ደጅ ላይ አቁሞ ያያታል» ብለዋል። «ቆማ የማታርፍ በቅሎ መንገድ ላይ ሰው ትጥላለች። ልጄ በዚህ ዳገት ስትመላለስ የምትቀመጠው እዚህች ላይ ነው። ማንም ሳይረግጣት ደጄ ላይ ዝም ብላ ቆማ ስትተነፍስ ያየሁ ዕለት ቃሌን እሰጣለሁ። ካልሆነ ልጄ ባለችበት ትኑር።»

እንግዲህ ሌላው ሰው በዘሩ፣ በምግባሩ፣ በሀብቱ ሲመዘን እኔ በሚኒሞ ተመዘንሁ። ተናደድሁ። ማርቆስ እስክንደርስ በልቤ ስሟገታቸው ወረድሁ፤ ጋሼ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ስለ ወፍጮ ነገሩኝ።

በማግስቱ መኪናዋን መካኒክ ዘንድ ወሰድኋት። የኔታና ጋሼም አብረውኝ መጡ፤ ነገሩ የሽምግልናው አካል ነው ብለው። መካኒኩ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈትቶ መዳፉ ላይ ደረደራቸው። ጥላሸት ለብሰዋል።

«ቤንዚን ይበዛባታል፣ አየር ያንሳታል» አለ። «ሽቅብ ስትወጡ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ሮብ ገበያ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የምትጠጣው ቤንዚን ግን ያው የማርቆሱ ልክ ነው። ታንቃለች።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የፋሲካ ሰሞን ካህን ማለት ነው። ሁለት ወር ጾሞ ጾሞ የዶሮው ወጥ ይበዛበትና ትንፋሽ ያጥረዋል።»

«እንዲያው ነው የኔታ።»

«ይህን በሽታ አውቀዋለሁ» አሉ ሆዳቸውን እየዳሰሱ።

«የእኔ ወፍጮ እንዲህ ሲያደርግ ድንጋዩን ነበር ከፍ የማደርገው» አሉ ጋሼ።

«ይህች ድንጋይ የላትም፣ ጋሼ።»

«እሱ ነዋ ችግሯ!»

መካኒኩ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀልበትን ካርቡራተር አወረደና አጠበው፤ የአየር ማጣሪያውን በአዲስ ቀየረው፤ ካንዴላዎቹን ወለወለ። በመጨረሻ ካቻቢቴውን ይዞ ጎንበስ አለና «ሚስት የምትጠይቀው የት ነው?» አለኝ።

«ሮብ ገበያ።»

«በቃ፣ ለሮብ ገበያ አስተካክላታለሁ። እዚህ ማርቆስ ትደክምብሃለች፤ እዚያ ግን ትቆማለች።»

እውነቱን ነው። ቤንዚኗ ስለተቀነሰ ማርቆስ ላይ አቅም አጣች። አባቷ ለሽማግሌዎቹ የሰጡት ቀጠሮ እስኪደርስ ከተማው ውስጥ ስነዳት ጭድ የተጫነ አህያ ቀድሞኝ ሄዷል። ባለ አህያው ዞር ብሎ ሰላም አለኝ። ሰው ሳቀብኝ። እኔ ግን ከፍታው ላይ ነው ጉዳዬ ብዬ ቻልሁት።

የቀጠሮው ቀን ዳገቱን ጀመርን። በወጣን ቁጥር መኪናዋ ነፍስ ትዘራለች። ጭስ የለም፣ ሳል የለም፣ ሽታ የለም። ደስታዬ ልክ አጥቶ መስኮቱን ትንሽ ከፈት ባደርገው «መስኮቱን!» አሉ ከኋላ። ዘጋሁ።

ደጃቸው ላይ አቆምሁና ትንፋሼን ውጬ እግሬን አነሳሁ። አልጠፋችም። ቀስ ብላ ለራሷ ትተነፍሳለች። ያን ያህል ዘመን ስነዳት እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። አባቷ ወጡ። የአንገት ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ።

«እግርህን አሳየኝ» አሉ።

በሩን ከፍቼ ሁለቱንም እግሬን ወደ ውጭ አንጠለጠልሁ።

«እጅህንስ?»

እንደ ተያዘ ሌባ ሁለቱንም እጄን አነሳሁ። ሞተሩ መተንፈሱን ቀጠለ። አባቷ «ግባና ብላ፤ ሹፌርም ሆድ አለው» አሉ።

«እዚሁ ልጠብቃት፣ አባባ።»

«ጠባቂ ካስፈለጋት ምኑን ቆመች?»

ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ቤቱ መሐል ቆመዋል፤ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ብለዋል። እኔን በሩ አጠገብ የድንች ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። ልጅቷ ሳህን ይዛ መጣች። «ሹፌር፣ ይብሉ እንጂ፤ መንገደኛ አይደሉ?» አለችኝ በአንቱታ። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እኔም «እበላለሁ እመቤቴ» ብዬ አቀረቀርሁ፤ ቀና ብል ኖሮ ሁለታችንም በሳቅ ፈርሰን ነገሩ ሁሉ ይበላሽ ነበር። ስበላም ጆሮዬ ውጭ ነው። በየጉርሻው መሐል አዳምጣለሁ፤ አለች፣ ትተነፍሳለች።

ከሰዓት በኋላ ጮቄ ላይ ሁልጊዜ እንደሚሆነው ጭጋግ ወረደና ንፋስ ተነሳ። አባቷ «አንዴ ልያት» ብለው ወጡ። ቆየት ብለው እጃቸውን እያፋተጉ ተመለሱ። እኔ የሞተሩን ድምፅ እንጂ እሳቸውን ልብ አላልሁም። ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ፤ ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዋን አቀናች።

«እንግዲህ» አሉ አባቷ፣ «ቃል ገብቻለሁ…»

ውጭ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። ሁለተኛ ሳለ። ከዚያ መንቀጥቀጥ፣ ማጓራት ጀመረ። ጥቁር ጭስ በአጥሩ ላይ ተንከባሎ ግቢው ውስጥ ገባ። ቡም! በጎቹ እንደገና ወጡ። ሞተሩ ጠፋ። መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም ያሉት የኔታ ቁጭ አሉ።

ልጅቷን አጣኋት ብዬ ነው የሮጥሁት። አባቷ ግን ቀድመውኝ ደርሰዋል። ኮፈኑን ልከፍት ገመዱን ብይዝ ቋጠሮው የእኔ አይደለም። እኔ ስቋጥር እንደ ልብስ ሰፊ ነው፤ በአንድ ጣት የሚፈታ። ይህ የጭነት ቋጠሮ ነበር፤ ታገልሁ፣ አልፈታ አለኝ። አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ጫፉን ሳብ አደረጉት። ተፈታ።

ኮፈኑን አነሳሁ። ሞተሩ አየር በሚስብበት አፍ ላይ፣ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ፣ ጥግ ጥጉ በጥንቃቄ ተወትፎ፣ አንድ ቡናማ ጨርቅ አለ። ጨርቅ አይጠፋብኝም፤ በእጅ የተፈተለ የበግ ፀጉር ነው። ዘወር ብዬ አየኋቸው። አንገታቸው ባዶ ነው። ቀጭን ነው፣ የተሸበሸበ፣ ብዙ ዘመን ፀሐይ ያላየው።

«አባባ፣ ምነው?» አልሁ በሹክሹክታ።

«ንፋሱ ተነሳ» አሉ እሳቸውም በሹክሹክታ። «ቆማ ሳለች አፏን ከፍታ ብርዱን ስትስበው አገኘኋት። እጄን ባስጠጋ ሽው ይላል ወደ ውስጥ።»

«የምትስበው ትንፋሿን ነው። እሱን ካጣች ትታፈናለች።»

«እኔ ምን አውቄ! ልጄን ይዛ የምትመላለስ ናት፤ በርዷት ስታስል ዝም ብዬ ልያት?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለሽማግሌዎቹ ያልጨረሱትን መልስ ለመኪናዋ ሰጥተዋታል። ካላቸው ነገር ሁሉ የሚሳሱለትን አውልቀው አልብሰዋታል። በልቤ ስሟገታቸው የከረምሁት ሰው እኚህ ናቸው።

ከኋላችን የሽማግሌዎቹ ኮቴ መጣ። አባቷ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ከብት አዋቂ የተባሉ ሰው በእንግዳ ፊት እንስሳ አፍነው መገኘታቸው ነው። ጨርቁን ነቅዬ ጉያዬ ውስጥ ከተትሁት።

«ምን ሆነች?» አሉ ጋሼ።

«የእኔ ጥፋት ነው። ሹፌር ነኝ፣ በቅጡ ሳላያት ነው ያቆምኋት።»

አባቷ አንድ አፍታ አዩኝ። «ባለቤቱ ቢሰማ ይቆጣሃል» አሉ።

«ይቆጣኛል፣ አባባ።»

ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጬ ያነቃትን ቤንዚን እንድትተፋ ደጋግሜ አስነሳኋት። አሳለች፣ ጥቁር ተፋች፣ ተነሳች። ከዚያ እግሬን አነሳሁ። ዝቅ አለች፤ ልትጠፋ ነው አልን፤ የኔታ ማማተብ ጀመሩ። ቀስ ብላ ተመለሰችና ለራሷ መተንፈስ ያዘች። ሳልጠየቅ ሁለቱንም እግሬን በበሩ አወጣሁ።

«ተቀመጡ» አሉ አባቷ ሽማግሌዎቹን።

የቆመ ሽማግሌ ተቀመጥ ከተባለ ነገሩ አልቋል። ደጅ ላይ ወንበር የለም፤ ሦስቱም ቀዝቃዛው የአጥር ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

ልንወርድ ስንል የአንገት ልብሱን በጋቢዬ ሸፍኜ ላቀብላቸው ሞከርሁ። እጄን መልሰው ገፉት። «ይዘኸው ውረድ። ሞተሯ ሲጠፋ አልብሳት፤ ሲነሳ አውልቅላት። አሁን ገብቶኛል።» ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ አሉ። «ለባለቤቱም ንገረው።»

«ምን ልበለው?»

«ልጄን ብርድ እንዳያስመታብኝ።»

ንፋሱ ባዶ አንገታቸውን ሲገርፈው አየሁ። ወርጄ ጉልበታቸውን መሳም አማረኝ፤ ግን ሹፌር ነኝ። «እነግረዋለሁ፣ አባባ» አልሁ። ከኋላ «መስኮቱን!» አሉ አዛውንቱ።

ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ስልኬ ጮኸ። መኪናዋን ዳር አስይዤ አነሳሁት። እሷ ናት።

«አባቴን ምን አድርጋችሁት ነው?» አለችኝ። «አንገቱ ባዶ ነውኮ! እናቴን ከቀበርናት ወዲህ አንገቱን አይቼው አላውቅም። ደጅ ቆሞ መንገዱን ያያል። ጋቢ ልደርብልህ ብለው፣ አልበረደኝም ይላል።»

የአንገት ልብሱ ጉያዬ ውስጥ ነበር፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። መስኮቱን እስከ ታች አወረድሁት። የጮቄ ንፋስ መኪናዋን ሞላት። ከኋላ ግን ማንም ምንም አላለም።